ወረቀት ላይ የማትገባው ሰዓት

ወንበሩ ለረጅም ሰው የተሠራ ነበር። ኡርሚላ ስትቀመጥበት እግሯ ወለሉን በደንብ አይረግጥም፤ አመሻሽ ላይ ስትነሳም ወገቧን ይዛ ነው። ዝቅ ያለ ወንበር እንዲመጣላት መጠየቅ ትችል ነበር። አልጠየቀችም። ወንበሩ የሙኩንድ ሳዋንት ነው፤ እሱ ከተባረረ ወዲህ ሥራውን ደርባ የያዘችው እሷ ናት።

ገበያው ሲዘጋ፣ ከመንገዱ የሚመጣው የደላሎች ጩኸት ሲበርድ፣ የእያንዳንዱን አክሲዮን የመዝጊያ ዋጋ በግራፍ ወረቀት ላይ በአንዲት ነጥብ ታሰፍራለች። ከነጥቧ ወደ ኋላ ቆጥራ አማካዩን ታወጣና ሁለት መስመሮችን ታስቀጥላለች። ቀዩ የቅርብ ቀናትን አማካይ ያሳያል፣ ጥቁሩ የብዙ ወራትን። ቀዩ ጥቁሩን ከሥር ወደ ላይ ካቋረጠው ዋጋ ሊወጣ ነው ይባላል፤ ከላይ ወደ ታች ካቋረጠው ደግሞ ሊወርድ ነው። በቦምቤይ የአክሲዮን ሰፈር በእነዚህ መስመሮች የሚምል አለ፣ የሚስቅባቸውም አለ። የአማቷ የጃምናዳስ የድለላ ቤት ከሚምሉት ወገን ነው።

ሙኩንድ መስመሮቹን አሥራ አንድ ዓመት ሥሏቸዋል። ኡርሚላ ደግሞ ባሏ ፓራግ ገና በወጣትነቱ ልቡ ቀጥ ብሎ ከሞተ በኋላ፣ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ከምታይ ብለው አማቷ ወደ ቢሮ ካመጧት ጊዜ ጀምሮ፣ ከሙኩንድ ፊት ለፊት ተቀምጣ ዋጋ ታነብለት ነበር። እሷ ታነባለች፣ እሱ ያሰፍራል፤ ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀብላ ታመሳክራለች። በየቁጥሩ ቀና ብሎ ያያት ነበር። በትክክል መስማቱን ሊያረጋግጥ ነው እያለች ራሷን ስታሳምን ኖረች።

ሐሙስ ማምሻውን ፍሬኒ ቦርሳዋን አንግታ መጣችና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ፍሬኒ የቢሮው ስልከኛ ናት፤ ስልሳ ያለፋት፣ ያላገባች፣ ከጥንት የፋርስ ስደተኞች ዘር ከፓርሲዎቹ ወገን፣ ምላሷ የተሳለ፣ ልቧ ግን ለሰው የሚራራ።

«ልጁ እሑድ ሊሄድ ነው» አለቻት።

«የትኛው ልጅ?»

«የትኛው ትለኛለች። በወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ?»

ኡርሚላ ብዕሯን አስቀመጠች። ፍሬኒ ወሬውን በአጭሩ ነገረቻት። በደቡብ፣ ኮይምባቶር የሚባል የፋብሪካ ከተማ ውስጥ፣ ስሙ መጥፋቱን ያልሰማ አንድ ድለላ ቤት ቀጥሮታል። እናቱን ይዞ ይሄዳል። ተመልሶ የሚመጣ አይመስልም።

«አርባ ሊሞላው ነው» አለች ኡርሚላ፣ ሌላ የምትለው ስላልመጣላት። «ልጅ አይደለም።»

«ለእኔ ልጅ ነው። አንቺም ልጅ ነሽ። አርጅታችሁ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልደከማችሁ።» ፍሬኒ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልጠይቃትም አለኝ። ስሜ እንዲህ ከሆነ በኋላ በምን አፌ አለኝ። እኔ ደግሞ አፍ አላጣሁም፣ ስለዚህ ልጠይቅሽ። አብረሽው ትሄጃለሽ ወይስ እዚህ ወንበር ላይ ሆነሽ ታረጂያለሽ?»

ኡርሚላ ወደ ግራፉ ወረቀት አየች። ፍሬኒ ይህን ለራሷ ተረጎመችው።

«አውቃለሁ፣ እሱ ማራቲ ነው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ። እናንተ ጉጅራቶች፣ ያውም ነፍስ ያለው ነገር የማይበላ የጄይን ሃይማኖት ሰዎች። እሱ ዓሣ ይበላል፣ አንቺ ሽንኩርት እንኳ በአፍሽ አይዞርም። ሁለት ምድጃ ግዙ።»

«ምድጃው አይደለም ፍሬኒ» አለች ኡርሚላ። «ለምን እንደዚያ አደረገ? ይህን ሳላውቅ የት እሄዳለሁ?»

ነገሩ የሆነው በመብራት በዓሉ፣ በዲዋሊ ነው። በዚያ ምሽት ገበያው ለአንዲት ሰዓት ብቻ ይከፈታል፤ የሙሁርት ሰዓት ይሏታል። ደላሎች አዲስ ልብስ ለብሰው፣ መብራት አብርተው፣ ለሀብት እናት ለላክሽሚ ጸልየው፣ ለዓመቱ ገድ ብለው ጥቂት ጥቂት አክሲዮን ይገዛሉ። ለመሸጥ የሚደፍር ጥቂት ነው፤ በዚያች ሰዓት መሸጥ ላክሽሚን ከቤት ገፍቶ ማስወጣት ነው። ገዢው ስለሚበዛም ዋጋ ሁልጊዜ ይወጣል። ለዚህ ነው በጃምናዳስ ቤት ከአባት የወረደ ሕግ ያለው፤ የሙሁርት ሰዓት ጸሎት እንጂ ንግድ አይደለችምና ወረቀት ላይ አትገባም። እስክሪብቶ ያልያዘ ተላላኪ እንኳ ያውቀዋል።

ዘንድሮ ሙኩንድ አስገባት። ያቺ ሰዓት እንደ ሙሉ ቀን ተቆጠረች፤ ቀዩ መስመር በፀጉር ስንጥቅ ያህል ከፍ ብሎ ጥቁሩን አቋረጠ፤ ጃምናዳስም የሚጠብቁት ምልክት የመጣ መስሏቸው ለቤቱም ለደንበኞቻቸውም ገዙ። ሳምንቱ ሳያልቅ ገበያው ቁልቁል ሄደ። አዛውንቱ መኪናቸውን ሸጠው፣ በትውልድ አገራቸው ያለውን የአባታቸውን ቤት ሸጠው፣ ደንበኞቻቸውን ካሱ። ወረቀቱ እንደገና ሲመረመር ነጥቧ ተገኘች። በሁሉም ፊት ለምን ብለው ጠየቁት። አጥፍቻለሁ አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እዚያው በሰው ፊት ሌባ ብለው አባረሩት። ብዕሮቹን ሰብስቦ ሲወጣ መንገዱ ሁሉ ወሬውን ጨርሶ ነበር፤ ሌላ ድለላ ቤት ከፍሎት ነው።

«እኔ ስልክ እንጂ ልብ አልሰማም» አለች ፍሬኒ። «ቅዳሜ ገበያ የለም። ሂጂና ራሱን ጠይቂው።»

ፍሬኒ ከሄደች በኋላ ኡርሚላ የቀሩትን ነጥቦች አሰፈረች። እጇ ይሠራል፤ ልቧ ግን ብዙ ቀን እንዳልተኛ ሰው ሆኖባት ነበር፣ ምንም ቢነግሩት አዎ የሚል።

*

መኪናው ከተሸጠ ወዲህ አማቷና እሷ በታክሲ ነው ወደ ቤት የሚመለሱት። ባሕሩ በግራ በኩል ነው። ጃምናዳስ ነጭ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ውጭ ያያሉ። ድሮ በዚህ መንገድ ላይ ሹፌራቸውን ስለ ዋጋ ሲያስተምሩት ነበር የሚደርሱት።

«መስመሮቹ ምን ይላሉ፣ ልጄ?»

«ምንም አይሉም ባፑጂ» አለች፣ አባት በሚጠራበት ስም። «ተጠላልፈዋል።»

«እንግዲህ እኔና እነሱ ተስማምተናል።»

ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ኡርሚላ ሙኩንድ ሳዋንት ከተማውን ሊለቅ መሆኑን መስማቷን ነገረቻቸው። ድምፅዋ እንደ ዋጋ ንባብ የተስተካከለ እንዲሆን ተጠነቀቀች። አዛውንቱ ቆባቸውን በጣታቸው አዞሩት።

«ስለዚያ ሰው ብዙ አስቤያለሁ» አሉ። «ሰነፍ ቢሆን ረስቶ ነው እል ነበር። ግን አሥራ አንድ ዓመት አንድ ነጥብ ያልሳተ ሰው ሙሁርትን አይረሳም። ስለዚህ አውቆ ነው። አውቆ ከሆነ ምክንያት አለው። በዚህ ገበያ ሃምሳ ዓመት ስኖር ደግሞ ሰው አውቆ የሚያጠፋበት አንድ ምክንያት ብቻ ነው ያየሁት።»

«ሌላ ምክንያት አይኖርም?»

«ቢኖር ይናገር ነበር። ንጹሕ ሰው በሰው ፊት ሌባ ሲባል አፉን አይዘጋም።»

ኡርሚላም ብትሆን ሌሊት ሌሊት የምትመላለስበት ሐሳብ ይኸው ነው፤ ከየትም ብትነሳ እዚያው ነው የምትደርሰው። ታክሲው መብራት ላይ ቆመ። ጃምናዳስ ሳያዩዋት፣ አሁን ትዝ እንዳላቸው ሁሉ፣ ጠየቋት።

«በሙሁርት ማግሥት ወረቀቱን አንቺ አላመሳከርሽም ነበር?»

«አመሳክሬ ነበር» አለች። «አምልጦኝ ነው።»

«ያመልጣል» አሉ አዛውንቱ። እጇንም ቸብ ቸብ አደረጓት፣ ለማጽናናት። «ያመልጣል፣ አይዞሽ።»

አምልጧት አልነበረም። ያ የደግ ሰው እጅ እጇ ላይ እስካለ ድረስ ዓይኗን ከመስኮቱ አላነሣችም።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት እንደምትሄድ ለማንም ሳትናገር ወጣች። ሙኩንድ የሚኖረው ጊርጋም በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ረጅም በረንዳ ላይ ተደርድሮ በሚኖርበት አሮጌ ፎቅ ነው። የእንጨቱን ደረጃ ወጥታ በረንዳው ላይ ስትደርስ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸውን ውሃው ውስጥ እንደነከሩ ዝም አሉ። ባል የሞተባት ሴት የምትለብሰው ነጭ ሳሪዋ፣ ጌጥ የሌለው እጇ፣ ውድ ጫማዋ፤ ሁሉንም አንብበው ጨረሱት።

እናቱ በራፉ ላይ ተቀምጠው የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ይጠቀልላሉ። ቀና ብለው አዩዋትና ማን እንደሆነች ሳይጠይቁ አወቁ።

«ልጄን ሌባ ካሉት ቤት የመጣሽ የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ» አሉ። «ሌባ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው?»

«ልጠይቀው ነው የመጣሁት፣ አዪ» አለች ኡርሚላ፣ በአካባቢው ልጆች እናታቸውን በሚጠሩበት ስም።

«አዪ አለችኝ» አሉ ሴትዮዋ ለጎረቤቶቻቸው፣ የዕቃ ዋጋ እንደሚያስታውቅ ነጋዴ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተጣሩ። «ሙኩንድ፣ እንግዳ አለህ። ወንበር እንዳልል አንዱ ተሽጧል፣ አንዱ ታስሯል። ሣጥኑ ላይ ትቀመጥ። ዓሣው ከሸተታት አፍንጫዋን ትያዝ።»

ሙኩንድ ገመድ በእጁ እንደያዘ መጣ። ከስቷል። ጢሙን አልተላጨም፤ ለዓመታት ያየችው ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበርና ያልተላጨ ፊቱ ከሁሉ ይልቅ አስደነገጣት። እሱም አያት፣ ቁጥር ስታነብለት እንደሚያያት።

«ይቀመጡ፣ ኡርሚላ ቤን» አለ። ቤን ማለት እህት ማለት ነው፤ የቢሮው ወንድ ሁሉ የሚጠራት እንደዚያ ነው።

እናቱ ዓሣቸውን ሰብስበው ተነሡ። «እኔ ውጭ ሆኜ የጎረቤቱን ጆሮ ልዝጋ» ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት።

ክፍሉ አንዲት ናት። ግማሹ ታስሯል፣ ግማሹ ገና ነው። ኡርሚላ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ ቆመ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፣ የተመዘነ፣ ማንንም የማያቆስል። ጠፋባት።

«ለምን አሰፈሯት?»

«በእርሳስ ነበር። ላጠፋት ነበር።»

«ይህ መልስ አይደለም። ሰው ምን እንደሚል ያውቃሉ። እኔም ምን ስል እንደከረምኩ ልንገርዎት? ከፍለውት ይሆን ስል ነበር። እዚህ ደረጃ ላይ ስወጣም እያልኩ ነው የወጣሁት።»

ቃሉ ሲነካው አየች። ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ያን ምሽት የት እንደተቀመጡ ያስታውሳሉ?» አላት።

ታስታውሳለች። ባል የሞተባት ሴት ጸሎቱ ካለበት ክፍል አትገባም፤ ለዓመቱ ገድ ጥሩ አይደለም ይባላል። በሌሎቹ ዓመታት ቤት ትቀር ነበር። ዘንድሮ ፍሬኒን ጉንፋን ስለያዛት አማቷ ስልክ እንድትጠብቅ ይዘዋት መጡና ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከስልኮቹ ጋር አስቀመጧት። ክፉ አስበው አይደለም። እሷም አልከፋትም፤ ወይም አልከፋኝም ብላለች።

«ሁሉም ደወሉን ይጠብቃል» አለ ሙኩንድ። «እኔ በመስታወቱ አየሁዎት። እጅዎን ጭንዎ ላይ አጣምረው፣ እንዳይታዩ ትንሽ ሆነው ተቀምጠዋል። የጣፋጩን ሳህን አነሣሁ። ላድርግ ብዬ አስቤ አይደለም። እግሬ ነው የሄደው።»

ሳህኑን ዘርግቶ በሯ ላይ ሲቆም እንዴት እንደደነገጠች ታውቃለች። ከጸሎት የወረደ ጣፋጭ ማንም አቅርቦላት ስለማያውቅ በየትኛው እጇ እንደሚነሣ ሁሉ ጠፍቷት ነበር። አንዱን አነሣች። ፍርፋሪው አዲሱ ሸሚዙ ላይ ረገፈ፤ ሁለቱም እኩል ሊያራግፉት ሲሉ እጃቸው ተጋጨ።

«ሳቅሽ» አለ። «ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም ነበር። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፣ ሰዓቲቱ አለቀች። በማግሥቱ ወረቀቱን ስዘረጋ ያቺን ሰዓት ዘልዬ ወደሚቀጥለው ቀን መሄድ አቃተኝ። እንዳልነበረች ማድረግ ሆነብኝ። ለአንድ ቀን ብቻ ልያት ብዬ በእርሳስ አሰፈርኳት። ከዚያ አንቺ ዋጋ ስታነቢልኝ፣ አማካዩን ላወጣ ወደ ኋላ ስቆጥር፣ እጄ የለመደውን አደረገ። ነጥብ ካለ ይቆጥራል። እሷም ተቆጠረች።»

«ባፑጂ መስመሩን ሲያዩ ለምን አላስቆምካቸውም?»

ገመዱን ከወለሉ አነሣና በእጁ ላይ ጠቀለለው።

«ለምን አስገባሃት ቢሉኝ ምን እላለሁ? ያንቺን ስም በዚያ መንገድ ላይ ልጥራ? ደግሞም...» ዓይኑን ከእሷ አነሣ። «ደግሞም ምልክቱ እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ያን ሁሉ ዓመት መስመር ስሥል ከመስመሩ አንድ ነገር ፈልጌ አላውቅም። ያን ቀን ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ሰዓት ውሸት አይሆንም አልኩ። ይኸው ነው። ማንም አልከፈለኝም።»

ውጭ እናቱ አንዱን ጎረቤት ሲቆጡ ይሰማል። ኡርሚላ ጭኗ ላይ የተጣመሩትን እጆቿን አየችና ለያየቻቸው።

«አይቻት ነበር» አለች።

«ማንን?»

«ነጥቧን። ወረቀቱን ሳመሳክር። ማጥፊያውን እጄ ላይ ይዣለሁ። የሙሁርት መሆኗን በአንድ እይታ ነው ያወቅሁት። ያንተን ፊት አየሁ፣ ነጥቧን አየሁ፣ ማጥፊያውን መልሼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።»

ሙኩንድ ገመዱን ለቀቀው።

«ለምን?»

«አንተ ለምን አሰፈርካት?» አለች። «እኔም ለዚያው ነው።»

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። እሷ ግን እጇን አነሣች፣ ቆይ እንደማለት። ዓይኗ እንባ አልነበረበትም፤ ድካም ብቻ።

«ቆይ፣ ልጨርስ። አሁን ካልጨረስኩት እንደገና አልጀምረውም። ነጥቧን መተዌ አንድ ነገር ነው። አንተ ሌባ ስትባል እዚያው ቆሜ ዝም ማለቴ ግን ሌላ ነው። እሱን ፍቅር ብዬ ላስጌጠው አልችልም፤ ፍርሃት ነው። ልቤን ለማቅለል ደግሞ ከፍለውት ይሆናል አልኩ፣ አንተ ጥፋተኛ ከሆንክ እኔ አልሆንም ብዬ። አንተም ለእኔ ብለህ ዝም አልክ። ጠየቅኸኝ? ባፑጂ ለእኔ ብለው ከመስታወት ኋላ ያስቀምጡኛል። አንተ ለእኔ ብለህ ስምህን ትጥላለህ። ሁላችሁም ለእኔ ብላችሁ ዝም ትላላችሁ፣ እኔም ለእናንተ ብዬ ዝም እላለሁ። ደክሞኛል ሙኩንድ። ዝምታውን መሸከም ደክሞኛል።»

ስሙን ብቻውን ጠርታው አታውቅም። በክፍሉ ውስጥ የቀረው ያ ስም ነበር።

«እንግዲህ ልጠይቅሽ» አለ በመጨረሻ። «በሰው አፍ ሳይሆን በራሴ። እዚያ ያለው ቤት ከዚህ አይሻልም። እናቴ ምላሷ ይኸው ነው፣ ሰምተሻል። ዘመዶችሽ በርሽን አያንኳኩም። ይህን ሁሉ አውቀሽ፣ ነገ አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«መጀመሪያ ለባፑጂ እነግራቸዋለሁ።»

«አትንገሪያቸው። ይጠሉሻል። እኔን ጠልተዋል፣ ይበቃቸዋል።»

«ይጥሉኝ። ከዋሸሁባቸው ቤት ወጥቼ አንተ ቤት ብገባ፣ የምገባው ከነውሸቴ ነው።»

ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ እጁን በሩ ላይ አሳረፈ፤ እጇም እዚያው ነበር። ሁለቱም አላነሡም። በገርበብ ባለው በር በኩል የበረንዳው ብርሃን በጣቶቻቸው መካከል ያልፋል። ይህን ያህል ዓመት ከቆዩ በኋላ ሌላ ነገር ቢያደርጉ ይበዛባቸው ነበር።

እናቱ ውጭ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«ዓሣው ሸተተሽ?»

«ሸተተኝ፣ አዪ።»

«ትለምጂዋለሽ።»

«ላልለምደው እችላለሁ።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ቢያንስ አትዋሽም» አሉ ለልጃቸው፣ እሷ እንደሌለች ሁሉ።

አትዋሽም። ኡርሚላ ደረጃውን ስትወርድ ያ ቃል እንደ ሙገሳ ሳይሆን ገና እንዳልሠራችው ሥራ ከበዳት።

*

በጃምናዳስ ቤት፣ እንደ ጄይን ሕግ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አይበላም። ኡርሚላ ስትደርስ ራቱ ቀርቦ ነበር፤ ባሕሩ ላይ ፀሐይዋ ጥቂት ቀርቷታል። አዛውንቱ ይጠብቋት ነበር። አልበላችም። ቆማ ነገረቻቸው፣ የት እንደነበረች ጀምራ፣ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ነጥቧ፣ መሳቢያ ውስጥ ስለከተተችው ማጥፊያ፣ በታክሲው ውስጥ ስለዋሸችው ውሸት። ከራሷ ምንም አልቀነሰችም። እሑድ ከሙኩንድ ጋር ልትሄድ እንደምትፈልግም ነገረቻቸው።

ሲቆጡ ልትሰማ ተዘጋጅታ ነበር። የአባታቸው ቤት፣ የኖሩበት ስም፣ የሞተው ልጃቸው፤ የቱንም ቢያነሡ ልክ ናቸው። አዛውንቱ ግን ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ።

«አንድ ምክንያት ብቻ ነው ያየሁት ብዬሽ ነበር» አሉ። «ሃምሳ ዓመት። ይህን ያህል ዓመት አይቼ ያየሁት አንድ ብቻ።»

«ባፑጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ያንቺ ድርሻ አለበት፣ አላቀልልሽም። የእሱም አለበት።» ሳህናቸውን ገፋ አደረጉት። «ከስልኮቹ ጋር ያስቀመጥኩሽ ግን እኔ ነኝ። ያን ምሽት አንድ ጊዜ እንኳ ወደዚያ ዞሬ አላየሁም። አሁን ፊትሽ እንዴት እንደነበር ላስታውስ ብዬ ሞከርኩ። አላየሁትምና ምኑን ላስታውስ።»

ኡርሚላ ወንበሯን ይዛ ቆመች።

«ሌባ ያልኩት በሰው ፊት ነው» አሉ። «አይደለም የምለውም በሰው ፊት ነው። ሰኞ ቢሮ ውስጥ እላለሁ። ይምጣና ይስማኝ ልበል?»

«አይመጣም ባፑጂ።»

«እኔም ብሆን አልመጣም።» የጠረጴዛውን ጨርቅ አቀኑ። «መስመሮቹን ማን ሊሥልልኝ ነው?»

«በሚቀጥለው ዓመት ኮምፒውተር ይገባል ይላሉ።»

«ኮምፒውተር ሙሁርትን ያውቃል?»

«ካልነገሩት አያውቅም።»

«ከእኛ ይሻላል እንግዲህ» አሉ፤ ከሳቅም ከሐዘንም ያልሆነ ድምፅ ወጣቸው። ከመቀመጫቸው ለመነሣት ጠረጴዛውን ደገፉ። ልትረዳቸው ስትጠጋ በእጃቸው መለሷት፣ ራሴ እችላለሁ በማለት፤ ከዚህ በኋላም ራሳቸው መቻል እንዳለባቸው ሁለቱም አወቁ። በሩ ጋ ደርሰው፣ ጀርባቸውን እንደሰጧት፣ ጠየቁ።

«ባቡሩ ከየት ነው የሚነሣው?»

«ከዳዳር።»

«እሑድ ዳዳር ሰው ይበዛበታል» አሉ። «በጊዜ ውጪ።»

የክፍላቸው በር ሲዘጋ ሰማች። ከፓራግ ሞት ወዲህ ያልመጣው ልቅሶ ያን ጊዜ መጣ፤ ድምፅ አልነበረውም፣ አፏንም በሳሪዋ ጫፍ መያዝ አላስፈለጋት። ለባሏ ይሁን፣ ለአዛውንቱ፣ ለራሷ፣ አልለየችውም፤ ለመለየትም አልሞከረች። ሲያልፍላት ፊቷን ታጠበች። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ምግቡ እንደቀረበ ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ ነው መራቧን ያወቀችው። ለወራት አፏ ውስጥ የገባው ሁሉ ጣዕም አልነበረውም፤ አሁን ሆዷ እንደ ልጅ ሆድ ይጮኻል። ፀሐይ ጠልቃለችና እስኪነጋ መብላት አትችልም።

ሳህኖቹን ከደነችና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ተርባ፣ ንጋትን ልትጠብቅ።